ሐራጁ ከመታወጁ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁን የማነበው ከመጨረሻዎቹ ገጾች ጀምሬ ነው፤ የሐራጅ ማስታወቂያዎቹ ያሉት እዚያ ነውና። ጠበቃ ነኝ። ወደ ጥብቅና ከመምጣቴ በፊት ልደታ በፍትሐ ብሔር ችሎት ዳኛ ነበርኩ። ቢሮዬ ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ከሚገኝ አሮጌ ሕንጻ ላይ ነው። ደረጃውን ወጥተው የሚመጡት ሰዎች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አብዛኞቹ ዕዳ ያለባቸው ነጋዴዎችና የእነሱ ዋሶች ናቸው።

የሐራጅ ማስታወቂያው ሠንጠረዥ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የተበዳሪው ስም፣ የመያዣ ሰጪው ስም፣ ንብረቱ የሚገኝበት ክፍለ ከተማና ወረዳ፣ የቦታው ስፋት በካሬ ሜትር፣ የሐራጁ መነሻ ዋጋ፣ ቀንና ሰዓት። ከሥሩ ተጫራቹ የመነሻ ዋጋውን አንድ አራተኛ በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ይዞ እንዲቀርብ ይነገረዋል። ለመግዛት የሚፈልግ ሰው ዓይኑ ዋጋው ላይ ያርፋል። እኔ ሁለቱን የስም ዓምዶች ነው የማስተያየው። የተበዳሪውና የመያዣ ሰጪው የአባት ስም አንድ ከሆነ እህት ለወንድሟ፣ ወንድም ለወንድሙ ቤቱን እንዳስያዘ እገምታለሁ። የመያዣ ሰጪው የራሱ ስም የተበዳሪው የአባት ስም ሆኖ ሲገኝ ደግሞ አባት ለልጁ ሲል ያስያዘው ቤት ሊሸጥ ነው ማለት ነው። በአንድ ገጽ ላይ እንዲህ ያለው መስመር ሲደጋገም አነባለሁ፤ ልቤም ይከብዳል።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ነገር አንድ ነው። እነዚህ ሰዎች ጠበቃ የሚፈልጉት ስማቸው በጋዜጣ ከወጣ በኋላ ነው። ሕጉ ሊደርስላቸው የሚችለው ግን ከዚያ አስቀድሞ ነው፤ ያም በር እንዳለ የሚያውቀው ሰው እጅግ ጥቂት ነው።

ለባንክ የተያዘ ንብረት አሸጣጥ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 የተደነገገ ነው። ብድሩ በጊዜው ካልተከፈለ ባንኩ ክስ ሳይመሠርት፣ ፍርድ ሳይጠብቅ፣ ለተበዳሪው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል፤ በውሉ ላይ የተስማሙበት ነው። ባንኮች ያበደሩት ገንዘብ የአስቀማጮች ስለሆነ የአዋጁን ዓላማ አልቃወምም። ሆኖም ዕድሜ ልኩን ለሠራ ሰው 30 ቀን ምን ያህል አጭር እንደሆነች የሚያውቀው ደብዳቤው እጁ የገባ ብቻ ነው። ከእነዚያ ቀናት ገሚሱ የሚያልፈው ደብዳቤውን ከቤተሰብ በመደበቅ ነው።

በሌላ በኩል የንግድ ሕጋችን አለ። የ1952ቱን ሕግ ፕሮፌሰር ኤስካራ ጀምረው፣ እሳቸው ሲያርፉ ፕሮፌሰር ዦፍሬ ጨርሰውታል፤ አምስተኛው መጽሐፍም ስለ ኪሳራ ነበር። ነጋዴው ክፍያ ሲያቆም ራሱ ቀርቦ ለፍርድ ቤት እንዲያሳውቅና ከገንዘብ ጠያቂዎቹ ጋር እንዲስማማ የሚያስችል ሥርዓት ያኔም ነበረው። በዳኝነት ዘመኔ ያ መጽሐፍ ብዙም ሳይገለጥ ይውል ነበር። በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ሦስተኛ መጽሐፉን በሙሉ ለዚህ ጉዳይ ሰጥቶ ብዙ ነገር አሻሽሏል። ክፍያ ገና ያላቆመ ነገር ግን ችግሩ የታየው ነጋዴ አስቀድሞ ከገንዘብ ጠያቂዎቹ ጋር ዕዳውን እንደገና የሚያዋቅርበት ሥርዓት አለ። ክፍያ ያቆመ ነገር ግን ሥራው ሊድን የሚችል ነጋዴ በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ድርጅቱን እንደገና የሚያደራጅበት ሥርዓት አለ። ለአነስተኛ ነጋዴዎች የቀለለ አካሄድም ተቀምጧል። ንብረት ሸጦ ማከፋፈል የሚመጣው ይህ ሁሉ ሳይሆን ሲቀር ነው። ሕጉ ይህን ካለ ዓመታት ተቆጠሩ፤ እኔ ቢሮ ግን ይህን ሥርዓት ፈልጎ በጊዜ የመጣ ሰው እስካሁን ብርቅ ነው።

አንድ የመርካቶ ነጋዴ ልጥቀስ። ማንነታቸውን የሚጠቁመውን ሁሉ ትቼ በፈቃዳቸው ነው የምጽፈው። የቤት ዕቃ አስመጪ ናቸው፤ ፀጉራቸው ነጭ ነው፤ ንግድን በሰው ሱቅ ተቀጥረው ካርቶን በመሸከም ነው የጀመሩት። ቢሮዬ ሲገቡ ጋዜጣውን በኮታቸው የውስጥ ኪስ አጥፈው ይዘውታል። ገና ሳይቀመጡ፣ ስለ ቤቱ ከማውራታቸው በፊት፣ «እህቴ፣ ይህ ጋዜጣ ስንት ሰው ዘንድ ይደርሳል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። «ጋሼ፣ ክፍያ ያቆሙት መቼ ነው?» ስል ጠየቅኳቸው። «አላቆምኩም፣ አዘገየሁ እንጂ» አሉ።

ወረቀቶቻቸውን ዘርግቼ ሳይ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ባንኮች ብድራቸውን በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያሳድጉ ጣሪያ ሲያበጅ፣ ይሠሩበት የነበረው ባንክ በየዓመቱ ያድስላቸው የነበረውን ኦቨርድራፍት፣ ማለትም ከሒሳባቸው በላይ እንዲያወጡ የሚፈቅድ ብድር፣ ሳያድስ ቀረ። ቀጥሎ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሆነ። ኤልሲ (ለውጭ ሻጭ ክፍያ ባንክ የሚሰጠው ዋስትና) የከፈቱት ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ሒሳቡ ሲወራረድ ዶላሩ ከመቶ ብር አልፏል። ዕቃውን ለክፍለ ሀገር ደንበኞቻቸው በአሮጌው ዋጋ በዱቤ ሸጠው ስለነበር ገንዘቡ ሲመለስ ቀድሞ ይገዙት የነበረውን ግማሹን እንኳ አያመጣም። በጥቅምት 2017 ሸማ ተራን ያቃጠለው እሳት የእሳቸውን ሱቅ አልነካም፤ ሁለት ተበዳሪዎቻቸውን ግን ባዶ እጃቸውን አስቀርቷል። ይህ ሁሉ ሲሆን እሳቸው ለባንኩ ወለድ ሲከፍሉ ነበር። በምን? በዕቁብ፣ ከወዳጅ በተወሰደ ብድር፣ በመጨረሻም ቼክ ተቀብሎ ገንዘብ ከሚሰጥ ግለሰብ በወሰዱት። «አዘገየሁ እንጂ» ያሉት ይህን ነው።

በሕግ ዓይን ክፍያ ያቆሙት ቀደም ሲል ነው። ያን ጊዜ፣ ኦቨርድራፍቱ ሳይታደስ በቀረ ሰሞን፣ ወደ ጠበቃና ወደ ሒሳብ አዋቂ ሄደው ቢሆን ኖሮ ዕቅድ አዘጋጅተን ገንዘብ ጠያቂዎቹን ሁሉ ባንድ ላይ እናነጋግር ነበር። መጋዘኑ ተሸጦ ሱቁ ይተርፍ ይሆናል፤ መኖሪያ ቤቱም እንዲሁ። ዘግይተው ስለመጡ የቀረልን ባንኩን ለምኖ ሐራጁን ማስተላለፍና ቤቱን እሳቸው ራሳቸው ገዢ ፈልገው በተሻለ ዋጋ እንዲሸጡ ማድረግ ነበር። ይህ ሆነ። ዛሬ ኮልፌ ተከራይተው ይኖራሉ፤ በልጃቸው ስም ያለች አነስተኛ ሱቅ ውስጥ ይውላሉ።

ለምን ዘገዩ? ብዬ ጠይቄአቸዋለሁ። ሰው ከሰረ እንዳይላቸው ፈርተው ነው። ንግድ በእምነት የሚካሄድ ስለሆነ ፍርሃታቸው መሠረት አለው። ወሬው አመዴ ገበያ ላይ ጠዋት ቢነሳ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጎማ ተራ ይሰማል፤ ዱቤ የሚሰጠው ሁሉ በዚያው ቀን እጁን ይሰበስባል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ነጋዴው ግን በሽታውን ሲናገር መድኃኒቱ ሳይደርስ ጠያቂው ሁሉ ደጃፉን እንደሚያጨናንቅ ያውቃል። ፍርድ ቤት የሚሰጠው ጥበቃ ዋጋው እዚህ ላይ ነው። ሥርዓቱ ሲከፈት ገንዘብ ጠያቂዎች በየፊናቸው መሮጣቸው ይቆምና በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ።

አሁን በእኔ ግምት ከሁሉ ወደሚብሰው ነገር ልምጣ፤ ስለ ቼክ ነው። በመርካቶ ዕቃ በዱቤ የሚሰጥ ሰው ቀኑ ወደፊት የተጻፈ ቼክ ይቀበላል። ሰጪም ተቀባይም በዚያ ሰዓት ሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ እንደሌለ ያውቃሉ፤ ቼኩ የሚያዘው ለማስፈራሪያ ነው። ቀኑ ደርሶ ገንዘቡ ሲጠፋ ባንኩ ቼኩ ላይ በቂ ገንዘብ የለውም ብሎ ይመታበትና ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ይሄዳል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 በቂ ስንቅ፣ ማለትም በሒሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ፣ ሳይኖረው ሆን ብሎ ቼክ የሚያወጣን ሰው እንደ ነገሩ ሁኔታ እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ቼክ የገንዘብ ያህል እንዲታመን ሕጉ መጨከኑ ተገቢ ነው። ችግሩ የሚመጣው የብድር ዋስትና የሆነ ወረቀት የወንጀል ማስረጃ ሲሆን ነው። አምስት ገንዘብ ጠያቂ ያለበት ነጋዴ ቼክ የያዘውን አንዱን ብቻ ይከፍላል፤ የሚያሳስረው እሱ ነውና። የሠራተኞቹ ደመወዝ ወደ ኋላ ይቀራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ እንዳለው ቢናገርም፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ቼክ የላትም። እሷን አስቀድሞ የሚያስታውስ ነጋዴ ያጋጠመኝ አንዳንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 11 ማንም ሰው የውል ግዴታውን መፈጸም ስላቃተው ብቻ አይታሰርም ይላል። ሕገ መንግሥቱም እንዲህ ያሉ የጸደቁ ስምምነቶችን የአገሪቱ ሕግ አካል ያደርጋቸዋል። በቀደመው ዘመን ባለዕዳና ባለገንዘብ በሰንሰለት ተቆራኝተው፣ አንዱ አንዱን እየጎተተ፣ ዕዳው እስኪከፈል አብረው ይውሉ እንደነበር ከታሪክ እናውቃለን። ከዚያ ወጥተናል። ዛሬ ግን በቼክ ምክንያት በየፖሊስ ጣቢያው የማገኛቸው ነጋዴዎች ብዙዎቹ አጭበርባሪዎች አይደሉም፤ መክፈል ያቃታቸው ናቸው። አጭበርባሪውን የምንለይበት መንገድ በሕጉ አለ፤ ንብረት ደብቆ፣ መዝገብ አጥፍቶ ከሰርኩ የሚል ሰው በወንጀል የሚጠየቅበት ድንጋጌ ራሱን ችሎ ተቀምጧል። መዝገቡን ዘርግቶ የቀረበውን ከደበቀው ለይተን ካላየን ሁለተኛ ማንም ቀርቦ አይናገርም።

ስለ ዋሶችም ዝም ማለት አልችልም። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የሚቋቋመው የባለቤቱ ቤት ከድርጅቱ ዕዳ እንዲጠበቅ ነው። ባንክ ሲያበድር ግን ባለቤቱን፣ ሚስቱን፣ አንዳንዴም ወንድሙን በግል ዋስ አድርጎ ያስፈርማል። ሁሉም «በአንድነትና በተናጠል» ኃላፊ ነን ብለው ይፈርማሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1933 እንዲህ የፈረመ ዋስ ዋናው ባለዕዳ ሳይጠየቅ በቀጥታ ሊከሰስ እንደሚችል ይናገራል። አንቀጽ 1922 ደግሞ ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተጻፈ የዋስትና ውሉ ዋጋ የለውም ይላል። ሁለተኛው ስንት ዋስ እንዳዳነ ሲታይ ሁሉም ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነበር። የቤተሰብ ሕጉም አንቀጽ 68 የጋራ ቤትን ለማስያዝ፣ እንዲያውም ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆን የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ባልየው ብቻውን ፈርሞ ከሆነ ሚስቲቱ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችላለች፤ ጊዜው ግን ካወቀች ጀምሮ ስድስት ወር ነው። ሐራጁን በጋዜጣ አይታ ወደኔ የምትመጣው ሴት ብዙ ጊዜ ፈርማለች። «አንብበሽው ነበር?» ስላት «አምጪ ፈርሚ ሲሉኝ ፈረምኩ» ትለኛለች።

አንድ መምህር ለጓደኛቸው ድርጅት ዋስ ሆነው ዕዳ ከሜዳ መጣባቸው። ድርጅቱ ፈረሰ፣ ጓደኛቸው ከአገር ወጣ፣ መምህሩ ቀሩ። ለእሳቸው የምሰጠው ምክር አላገኘሁም። የንግድ ሕጉ የክስረት ሥርዓት የተጻፈው ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር ነው፤ መምህሩ ነጋዴ አይደሉም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አልባሳታቸው፣ መኝታቸው፣ የማብሰያ ዕቃቸውና የሥራ መሣሪያቸው እንዳይከበር ይጠብቅላቸዋል፤ ከደመወዛቸውም የተወሰነው ብቻ ይነካል። ዕዳው ግን እስከ መጨረሻው ይከተላቸዋል። ነጋዴ ያልሆነ ሰው በቅን ልቦና የገባበትን፣ ሊከፍለው የማይችለውን ዕዳ ተመዝኖለት የሚገላገልበት ሕግ ያስፈልገናል። ሕግ የሚያረቁ ባልደረቦቼ ይህን ደብዳቤ ካዩት ይህ አንቀጽ ለእነሱ የተጻፈ ነው።

ስለ ዕቁብ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ዕቁብ የወጣለት ሰው ዋስ ሳያቀርብ ገንዘቡን አይወስድም። የዕቁቡ ዳኛና ጸሐፊው የእያንዳንዱን አባል ሥራ፣ ሱቅና ጠባይ ያውቃሉ፤ አንዱ አባል መጣል ሲያቅተው ከሸሸ በኋላ ሳይሆን ሲያመነታ ገና ይጠሩታል። ተራ ያለዋውጡታል፣ ክፍያውን ይከፋፍሉለታል። ሽማግሌ ይላኩበታል እንጂ ስሙን አያወጡም። አዲሱ ሕግ በፍርድ ቤት የሚያቋቁመው ድርድር ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ ነጋዴዎቻችን እንግዳ ነገር ነው ብለው እንዳይፈሩት ይህን ማወቃቸው ይጠቅማል።

ለሙያ ጓደኞቼ የምለው አለኝ። ዕዳ የበዛበት ደንበኛ ሲመጣ ቤቱን በወንድሙ ስም አዙር፣ መኪናውን ለአማችህ ሽጥ የሚል ምክር በከተማችን እንደሚሰጥ ሁላችንም እናውቃለን። እንዲህ ያለው ዝውውር ወደ ኋላ ተመልሶ ተመርምሮ ሊፈርስ ይችላል፤ ደንበኛውንም ከችግረኛ ነጋዴነት ወደ ተከሳሽነት ያሻግረዋል። በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ጠበቆች በድርጅት ተሰባስበው እንዲሠሩ ፈቅዷል። ከሒሳብ አዋቂ ጋር ተባብረን የመልሶ ማደራጀት ዕቅድ ማዘጋጀት የምንችልበት ጊዜ ነው። ያለ ክፍያ አገልግሎት እንድንሰጥ የሚጠበቅብንን ሰዓትም ቀድሞ በሥነ ምግባር ደንቡ በዓመት ቢያንስ 50 ተብሎ እናውቀዋለን። ከእሱ ላይ ጥቂቱን ፒያሳ ሲፈርስ ሱቃቸውን ይዘው ወደ ሌላ ሰፈር ለተሻገሩ፣ ደንበኞቻቸው ላልተከተሏቸው ትንንሽ ነጋዴዎች ብናውል ምን ያህል ቤት ከሐራጅ ይተርፍ ነበር።

ባንኮችንም እጠይቃለሁ። የ30 ቀኑ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመርበት፤ ተበዳሪው በንግድ ሕጉ መሠረት ዕዳውን እንደገና ለማዋቀር መጠየቅ እንደሚችልና ለማን ማመልከት እንዳለበት ይነገረው። የሚያውቀው ተበዳሪ ፈጥኖ ይመጣል፤ ፈጥኖ የመጣ ደግሞ ለባንኩም በሐራጅ ከሚገኘው የተሻለ ሊከፍል ይችላል።

ክቡር ዋና አዘጋጅ፣ ለእናንተ ያለኝ ጥያቄ ቀላል ነው። የሐራጅ ማስታወቂያ በምታትሙበት ገጽ ጥግ ላይ አነስተኛ ዓምድ ስጡን። በየሳምንቱ ስለ አንድ ነገር ብቻ እንጽፍበታለን፤ ዋስ ከመፈረም በፊት ምን ማንበብ እንደሚገባ፣ ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ምን ማድረግ እንዳለበት፣ ሚስት ያልፈረመችበት መያዣ እንዴት እንደሚታይ፣ ክፍያ ሊያቆም የተቃረበ ነጋዴ የትኞቹን መዝገቦች ይዞ ፍርድ ቤት እንደሚሄድ። የመጀመሪያዎቹን ጽሑፎች እኔ ያለ ክፍያ አዘጋጃለሁ፤ ሌሎች ጠበቆችም እንደሚተባበሩ አምናለሁ። የነጋዴዎቹን ስም አንጠቅስም። የመጀመሪያው በዋስትና ውል ላይ እንዲሆን እመርጣለሁ፤ ረቂቁን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬአለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ጠበቃ
ከቸርችል ጎዳና፣ አዲስ አበባ